ላዩ ያረረ የአይብ ኬክ

ሳን ሴባስቲያን፣ ስፔን
ጥር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ በላይነህ፣ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አስካለች፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔም ባለቤቴ ዓለምሰገድም ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር የጎደለብን የለም። ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ሲያካፋ ነው። የዚህ አገር ዝናብ የሚዛን ተፈሪን አይመስልም፤ ቆርቆሮ አይደበድብም፣ አያስፈራራም። ጉሙ ቆሞ ቆሞ ሲደክመው ቁጭ ያለ ነው የሚመስለው። ከባሕሩ ይነሣና መንገዱን ሞልቶ፣ ሰዉን እየዳሰሰ ያልፋል። እኔም ፖስታውን ከካፖርቴ ሥር ሸጉጬ፣ ቤታችንን በጉያዬ የያዝኩ እየመሰለኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

እማዬ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አልቀለድኩብሽም፣ እውነቴን ነው። የምንከባከባት አሮጊት፣ ኢትሲያር የምትባለው፣ ኬኩን ሆን ብላ ነው የምታሳርረው። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ደንግጬ ከምድጃው ላወጣው ስሮጥ እጄን ያዘችና «ተዪው፣ ገና ነው» አለችኝ። ላዩ እስኪጠቁር ጠበቀች። ከበረደ በኋላ ስትቆርሰው ግን ውስጡ ነጭ ነው፤ ከእርጎ ወፈር፣ ከአይብ ለስለስ ይላል። የላዩ ምሬትና የውስጡ ጣፋጭ አፍሽ ውስጥ ሲገናኙ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ።

የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው። አይብ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ የወተት ስልባቦት፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት። እነዚህን መትቶ፣ ብረት ድስት ውስጥ ገልብጦ፣ ኃይለኛ እሳት ውስጥ መክተት ነው። እዚህ ከሥሩ ወረቀት ያነጥፉለታል፤ እናንተ ኮባ አንጥፉለት። ሚዛን ኮባ መቼ ጠፍቶ!

ሌላም ወሬ አለኝ። ዓለምሰገድ «ቆይ፣ ትንሽ ይጽና» ብሎኝ ነው እንጂ ቀደም ብዬ በነገርኳችሁ ነበር። አባባ፣ ይህቺን ቀስ ብለው ያንብቡላት። ፀንሻለሁ። በሐምሌ ነው የሚሉኝ።

ልጃችሁ ረድኤት


ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጃችን ለረድኤት፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ባለቤትሽስ? እኛ፣ ለአምላክ ምስጋና ይሁንና፣ ደህና ነን።

እንዳልሽው ቀስ ብዬ አነበብኩላት። የመጨረሻውን ስትሰማ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ግን ትንፋሽ አጠራትና በእጇ አጨበጨበች። ከዚያ «እንደገና አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። አሁንም አጠገቤ ተቀምጣ «ጻፍ» እያለችኝ ነው።

«ከባድ ነገር አታንሺ በላት።»

ጽፌአለሁ።

«አሮጊቷንም ብቻሽን አታንሺያት፣ ባልሽን ጥሪው በላት። ሕልሜንም ንገራት።»

ሕልሟ እንዲህ ነው። አንቺ ያለሽበትን ባሕር አየሁ ትላለች። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ግን ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፣ ማዕበሉ ሁሉ የቡና አበባ ነው አለችኝ። «ሲመጣ ይሸታል፣ ሲመለስ ሽታውን ትቶልኝ ይሄዳል።» ይህን የምታይበት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው ሰሞኑን አብቧል፤ መስኮቱን ስንከፍት ቤቱ በሽታው ይሞላል።

ኬክሽንም ሞከርነው። ሞከርኩት ብል ይሻላል። እናትሽ ጋቢዋን ተከናንባ ወጥ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ያንን አንሣ፣ ይኼን ጣል» ስትለኝ እኔ ስሠራ ዋልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የቡና እርሻ ትራክተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው፣ እንቁላል መስበር እንዲህ ያስፈራል አላልኩም ነበር። ጾም ስለሆነ መቅመስ አልቻልኩም፤ ለእርሷ ግን የንስሐ አባታችን ፈቅደውላታል። ስለዚህ ጣዕሙን ያነበብኩት ከፊቷ ላይ ነው። አላምጣ አላምጣ «በላይነህ፣ አሸዋ ጋገርክልኝ!» ብላ ሳቀች። አይቡ አልተዋሐደም።

ከዚህ በታች ያለውን አላነበብኩላትም። ሐኪሙ ያለውን ቀደም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሐኪሙ ብዙ አላለም። ቤት ወስደህ የወደደችውን ስጣት አለኝ። ሾርባውንም፣ አጥሚቱንም አልቀምስ ብላለች። የወደደችው ይህን ያንቺን ኬክ ነው። ስለዚህ የአይቡን ነገር አብራርተሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

አባትሽ በላይነህ


ሳን ሴባስቲያን
መጋቢት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ እስክጨርስ ድረስ ወደ ቤት መግባት አልቻልኩም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ለሰው እናት ሾርባ አቀርባለሁ።

አይቡ አሸዋ የሚሆነው እሳቱ ላይ ሲቆይ ነው። ገና ሲቋጥር አውጡት። በነጠላ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ውኃው ይውረድለት፤ ግን ድርቅ አይበል። ከዚያ ወንፊት ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ያሳልፉት። ይህ አድካሚ ነው፣ ግን አይዝለሉት። ስልባቦቱን የሚጨምሩት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ የከሰል ምድጃ ሙቀቱ አይበቃም፤ የጋሽ ካሣዬ ዳቦ ቤት ይውሰዱት፣ እሳቱ ኃይለኛ ነው። ሲወጣ መሃሉ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፣ ሲበርድ ይረጋል።

ተነሥቼ የማልመጣው ያልነገርኳችሁ ነገር ስላለ ነው። በየካቲት ደም ታይቶብኝ ተኝቼ ነበር። አሁን ቆሟል። ሐኪሟ ግን አውሮፕላን አይታሰብም፣ ድንጋጤም ከሩቁ ይለፍሽ ብላኛለች። ለእማዬ አይንገሩብኝ፤ እንቅልፍ ታጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ባጃጅ ይዛችሁ እማዬን ቴሌ ድረስ አምጡልኝና ድምፅዋን ልስማ። «ሃሎ» ትበለኝ፣ ሌላ አልፈልግም። በቀደም ጠዋት በግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ዝናቡ ጣሪያችንን ሲመታ፣ እማዬ ከጓዳ ወጥታ ባልዲ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ባሕሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን ባልዲው እየሞላ ያለ መሰለኝ።

ልጅዎ ረድኤት


ሚዛን ተፈሪ
ሚያዝያ 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ፋሲካም አለፈ። ቡናው አበባውን ጥሎ ፍሬ መያዝ ጀምሯል።

ስለ እናትሽ ጠይቀሽኛል። አሁን አያማትም። ሕመሙ ትቷታል። ቴሌ አምጧት ያልሽው ግን አይሆንም፤ እዚያ ድረስ አትመጣም። የደም ነገር የጻፍሽልኝን አንብቤ በጣም አስቤአለሁ። ሐኪሟ ያለችውን ፈጽሚ። ከሁሉም በላይ አትደንግጪ፣ አትጨነቂ። አክስትሽ ወለላ ከሸዋ ቤንች መጥታ ከእኔ ጋር ሰንብታለች።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ኬኩን ጋገርኩ። ቤት ሰው ነበር፤ ለእነርሱም ቆርሼ ሰጠሁ። ስኳር ስላለቀብኝ የሸኮ ማር አደረግኩበት። ለካ ማር እሳት ሲያይ አይታገሥም! ካሣዬ ከምድጃው ሳብ ሲያደርገው ጮኸ።

«ጋሽ በላይነህ፣ አረረ እኮ!»

«ተወው፣ እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

«ማን አለ?»

«ልጄ።»

ራሱን ነቀነቀ። ማረሩስ አርሯል፤ ግን ምሬቱ እስከ ውስጥ ገብቷል፣ አይቡም ዘቅጧል። ሰዉ ለእኔ ሲል ዋጠው።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አለኝ። ወንፊቱ የት ነው የሚቀመጠው? ያገኘሁት የቡናውን ነው፣ የእርሱ ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ነው። እንቁላል መበላሸቱ ሳይሰበር እንዴት ይታወቃል? ጨው ይግባበት? ከገባስ የትኛው ነው፣ በጣሳው ያለው ነው ወይስ በቅሉ ያለው? ሁለቱንም ቀመስኳቸው፣ ልዩነታቸው አልገባኝም። ጥያቄ አበዛሁብሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አባትሽ በላይነህ


ሳን ሴባስቲያን
ግንቦት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሆዴ ገፍቷል፤ ልጁም ይራገጣል። እኔ ደህና ነኝ። ስለ እኔ አይጨነቁ።

ወንፊቱ ከጓዳው በር ጀርባ፣ ከማዳበሪያው ከረጢት ሥር ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከረጢቱን ሲያነሡ ያገኙታል። እንቁላሉን ውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ ከሥር ከተኛ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ ይጣሉት። ጨው ቁንጥር ይበቃል፣ በጣሳው ያለውን ነው። በቅሉ ያለው የበርበሬ ነው፤ ኮረሪማ ገብቶበታል፣ አይንኩት። ዘይቱ ከመደርደሪያው ላይኛው እርከን ነው፤ ወንበር ላይ ሲወጡ ግድግዳውን ይያዙ። ሻማው ከሣጥኑ ውስጥ በግራ በኩል ነው። ክረምት እየገባ ስለሆነ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ከአልጋው ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ መኖሩን አይርሱ።

ማር ይተዉ፣ ስኳር ያድርጉ። ደግሞ አንድ ጊዜ ጋግረው እንዳይተዉት። በየሳምንቱ ይጋግሩና እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ትንሹንም ነገር ይጻፉልኝ። ካሣዬ ያለውን፣ እሳቱ የነበረበትን ሁኔታ፣ ማን እንደቀመሰው። ማታ ማታ ዓለምሰገድ ያነብልኛል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከእርስዎ ጋር ወጥ ቤት እቆማለሁ።

ኢትሲያር ትናንት የእርስዎን ወሬ ስነግራት ሳቀችና «አባትሽ ኬኩን አይፍራው በይው፤ ሲፈሩት ይደርቃል» አለችኝ።

ለእማዬ የምለውን እኔው እላታለሁ።

ልጅዎ ረድኤት


ሚዛን ተፈሪ
ሰኔ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

እንደምን አለሽ? ቀንሽ እየቀረበ ነው። ሳስብሽ ነው የምውለው። ወንፊቱን አገኘሁት።

ኬኩ ሆነ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትንሹንም ይጻፉልኝ ብለሻልና። ጠዋት ዝናብ ነበር። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ካሣዬ ዘንድ ደረስኩ። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ ልጅ እንደያዘ ሰው ወደ ደረቴ ሳብኩት። ካሣዬ የጠዋቱን ዳቦ አውጥቶ ነበር፤ ምድጃው ቀይ ነው። አስገባነው። ሁለታችን በምድጃው አፍ አጎንብሰን ስናይ ነጩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ ቡና ቀለም፣ ከዚያ ጥቁር ሆነ። ካሣዬ ላውጣው ሲለኝ «ገና ነው» አልኩት። በራሴ ደፋርነት ተገረምኩ።

ሲወጣ መሃሉ ተንቀጠቀጠ። ቤት አምጥቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ጉሙ እንደ ለመደው ከጋራው ወርዶ በመስኮቱ ገባ፤ ከኬኩ ሙቀት ጋር ሲገናኝ የትኛው ጉም፣ የትኛው እንፋሎት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እዚያው ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ እናትሽ ቡናው መሃል ስትሄድ አየኋት። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ጠል እንዳይነካው ይመስለኛል። ጠራኋት። ዞር አለችና «አልበረደም፣ እንዳትነካው» አለችኝ። ስነቃ ኬኩ በርዷል። ቆረስኩት። ልጄ፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

የእድራችን ሴቶች ቀመሱት። ወይዘሮ ሸዋነሽ «ይህ የወንድ እጅ ነው?» ብላ አላምን አለች። አሁን እሑድ እሑድ ይጠብቁኛል።

አንቺ ስለ ሌላው ነገር መጠየቅ ትተሻል። ለምን እንደተውሽ እኔም አልጠይቅሽም። ብቻ በሰላም ተገላገይ። በሰላም ተገላገይልኝ።

አባትሽ በላይነህ


ሳን ሴባስቲያን
ነሐሴ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንኳን ደስ ያለዎት። ወንድ ነው። እንድርያስ ብለነዋል። ግንባሩ የእርስዎ ነው፤ ሲቆጣም እንደ እርስዎ ዝም ብሎ ይቆጣል።

ደግሞም እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔንም ያጽናኝ።

መርዶ ነጋሪዎቹ በጠዋት ነው የመጡት። ጓደኛዬ ሔዋን ከቢልባኦ፣ ሌሎችም ከየከተማው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ዓለምሰገድ በሩን ሲከፍት ፊቱን ከእኔ አዞረ። እርሱም ከአገር ቤት ሰምቶ ሲከድን ከርሟል፣ ምስኪን። ሔዋን አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብላ «ረድኤት፣ እማማ አስካለች...» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት። «እስቲ ቁጭ በሉ፣ ከመንገድ ነው የመጣችሁት።»

ማንም አልተቀመጠም። እኔም አውቃለሁ ስል እውነት የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሔዋን «እናትሽ አረፈች» ብላ ቃሉን ስታወጣው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማሁ ሆንኩ። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኽኩ። ኢትሲያር በከዘራዋ እያዘገመች መጥታ፣ ቋንቋችንን ሳታውቅ፣ ልጁን ከእቅፌ ወስዳ መስኮቱ ጋ ቆመች።

አባባ፣ ያወቅኩት ከሚያዝያው ደብዳቤዎ ጀምሮ ነው። «እኛ ደህና ነን» ይሉ የነበሩት «እኔ ደህና ነኝ» አሉ። ወንፊት የት እንዳለ ጠየቁኝ። እማዬ እያለች ወንፊት የት እንዳለ ከስፔን አይጠየቅም። ያን ቀን ባሕሩ ዳር ሄጄ እስኪመሽ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ ግን በቀስታ፣ ልጁን እንዳላስደነግጠው እየፈራሁ። ልጽፍልዎት ብዕር አንሥቼ ነበር። ከዚያ ግን እርስዎ ለእኔና ለልጁ ብለው ይህን ሁሉ ብቻዎን ከተሸከሙ፣ እኔ ምን ብዬ ላውርድብዎት? የሚያውቁት ሥራ ጠፍቶ በባዶ ቤት ከሚቀመጡ፣ አይብ ሲያጣሩ ላስብዎት መረጥኩ። የሻማውንና የብርድ ልብሱን ነገር የጻፍኩልዎት ለዚያ ነው።

አልተቀየምኩም። አንድም ቀን ውሸት አልጻፉልኝም፤ ደብዳቤዎቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ።

አሁን ግን ይንገሩኝ። እንዴት ሆነች? ምን አለች? የኬክ ወሬ ሳይቀላቅሉ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ረድኤት


ሚዛን ተፈሪ
መስከረም 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

እንድርያስን ጌታ ያሳድግልሽ። ደብዳቤሽን ይዤ ወለላ ዘንድ ሸዋ ቤንች ሄጄ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ተላቀስን። ስንመለስም አብረን ተመለስን፤ አዲሱን ዓመት እዚህ ከእኔ ጋር ዋለች። አሁን ብዕሩን ያነሣሁት እርሷ ገበያ ወጥታ ነው።

እናትሽ ያረፈችው በፋሲካ ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። መጋቢት 18 የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተቀምጦ ነው። የተስተካከለውን ኬክ አልቀመሰችም። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሰዉ ሲሰናበት ግን፣ የለመነችኝን ሳላደርስ መቀመጥ አቃተኝና ተነሥቼ ጋገርኩት።

ያን ቀን ጠዋት ደህና ነበረች። ፊቷን አጠብኩላት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት፤ አበጣጠሬ አልጣማትም፣ ግን ተወችኝ። ከምሳ በኋላ «በረንዳው ላይ አውጣኝ» አለችኝ። አቅፌ አወጣኋት። ምን ያህል እንደቀለለች ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ጋቢዋን አልብሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቡናው አበባውን እያራገፈ ነበር፤ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ከጋራው ላይ ጉሙ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ቆርቆሮዎችን፣ በመጨረሻ የራሳችንን አጥር ዋጠው። ነፋስ የለም። የምንሰማው ከሩቅ የሚመጣ የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቅጠሉን እየመታ ወደ እኛ ይቀርባል። ፊቷ ላይ ሥቃይ አልነበረም። አገር እንደምታይ ሰው ነበረች።

«ወደ ቤት ላግባሽ?» አልኳት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ከዚያ ተናገረች፤ በአማርኛ አይደለም፣ በልጅነት ቋንቋዋ በቤንችኛ። እንደምታውቂው ከእኔ ጋር ስትኖር አማርኛ ብቻ ነው የምታወራኝ። እኔ ይህን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ ከቤንችኛ የማውቀው የገበያውን ቃል ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የደጋገመችው። ድምፅዋ የታማሚ አልነበረም፤ ከፍ ያለ፣ የወጣት ሴት ድምፅ ነበር። አጥሩ የነበረበትን እያየች ነው የምትለው። ምን እንደምትል አላወቅኩም። ግን መልስ የምትጠብቅ መሰለኝና መለስኩላት። ሰምታኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች። ዝናቡ ደረሰ፣ ቆርቆሮውን ሞላው። የተኛች መስሎኝ፣ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ፣ ሳልነቃነቅ ቆየሁ።

ቃሉ እንዳይጠፋብኝ በአፌ ስደጋግመው ሰነበትኩ። ለቅሶው መሃል እህቷን ወለላን ልጠይቃት አልደፈርኩም። ከዚያም በኋላ፣ ምናልባት ቅሬታ ቢሆንስ፣ የሆነ ነገር ለምናኝ ሳልፈጽምላት ቀርቼ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ያንቺን ደብዳቤ ባነበብንበት ቀን ግን «ምን አለች» ብለሻልና፣ ቃሉን እንደ ሰማሁት አድርጌ አልኩላት። አነጋገሬ ጠማማ ስለነበር መጀመሪያ አልገባትም። ደገምኩላት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እናታችን ዝናብ ሲመጣ የምትጠራን እንዲህ ነበር» አለች። «ደጅ ስንጫወት ውለን፣ ከቤት ብቅ ትልና እንዲህ ብላ ትጣራለች። ኑ፣ ግቡ፣ ዝናብ መጣ ማለት ነው።»

ማንን እንደጠራች አላውቅም፣ ልጄ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ደጅ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ወለላ እንባዋን ጠርጋ «አንተስ ጋሼ፣ ምን አልካት?» አለችኝ።

«እሺ አልኳት» አልኩ።

አባትሽ በላይነህ